ሊቨርፑል ወለል ላይ የተያዘው ሰርጓጅ

«ሳይለንት ሀንተር 3» የሚባለው የሰርጓጅ መርከብ ጌም በ2005 ነው የወጣው። ዛሬም የሚጫወተው አልጠፋም። ጌሙ ምን ያህል ይክበድ የሚሉ ምርጫዎች አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። ባትሪው ይለቅ ወይስ አይለቅ? ኦክስጅኑስ? ቶርፒዶው፣ በውሃ ውስጥ የሚተኮሰው ፈንጂ፣ አንዳንዴ ይክሸፍ? የዒላማውን ርቀትና ፍጥነት ራሳችሁ ታሰላላችሁ ወይስ መኮንኑ ያስላላችሁ? አንዷን ባበራችሁ ቁጥር ከመቶ የሚቆጠረው የእውነታ መጠን ከፍ ይላል።

ከሁሉም ግን ጌሙን ከሥሩ የምትለውጠው አንዷ ናት። ሌሎች መርከቦች ካርታው ላይ እንዳይታዩ የምታደርገው። እሷ ካልበራች የነጋዴ መርከቦቹ ቡድን (ኮንቮዩ) ወዴት እንደሚሄድ፣ አጃቢው የጦር መርከብ የቱ ጋ እንደሚዞር ካርታው ራሱ ይነግራችኋል። ስትበራ ካርታው ባዶ ነው። የሚቀራችሁ በፔሪስኮፕ ያያችሁት፣ በውሃው ውስጥ የሰማችሁትና በእጃችሁ ያሰመራችሁት ብቻ ነው። መርከባችሁ ያው ነው። የጠላት መርከቦችም ያው ናቸው። ማንም አልጠነከረም። ግን ትናንት እንደ ልባችሁ የገባችሁበት ኮንቮይ ዛሬ ይቀብራችኋል።

የሰርጓጅ ጌም ለምን እንደሚከብድ ሰው ሲከራከር በሰማሁ ቁጥር አንድ ጉዳይ ትዝ ይለኛል። ኮምፒውተር የለበትም። በ1942 ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ፣ ወለል ላይ፣ በጠመኔ የተጫወቱት ጨዋታ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በጣም የምወደው ጉዳይ ስለሆነ ከነዝርዝሩ ልተርከው።

ነገሩ የሚጀምረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከአትላንቲክ ነው። ብሪታንያ ደሴት ናት። ምግቡም፣ ነዳጁም፣ የጦር መሣሪያውም በባሕር ይገባል። ነጋዴ መርከቦች በረድፍ በረድፍ ሆነው አብረው ይጓዛሉ። ይህ ኮንቮይ ነው። ዙሪያውን ጥቂት የጦር መርከቦች ያጅቡታል። የጀርመን ሰርጓጆች፣ ዩ-ቦቶቹ፣ ደግሞ ሌሊት እየመጡ ነጋዴዎቹን ያሰጥማሉ። አጃቢዎቹ «አስዲክ» የሚባል መሣሪያ አላቸው። ውሃ ውስጥ ድምፅ ይልክና አንዳች ነገር ነክቶ ሲመለስ ይሰማል። በሱ ላይ ብዙ እምነት ተጥሎበት ነበር። ሆኖም መርከብ በየሌሊቱ ይሰጥማል፤ ሰርጓጁም አይያዝም።

እዚህ ላይ «ሰርጓጅ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የዚያን ዘመን ዩ-ቦት ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚኖር አልነበረም። በብዛት የተሠራውን ዓይነት 7ሲ የተባለውን ውሰዱ። ውሃው ላይ ሆኖ 17 ኖት ገደማ ይሮጣል (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው)። ውሃ ውስጥ ሲገባ ቢበዛ ከ7 ተኩል ብዙም አያልፍም፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ባትሪው ቶሎ ይሟጠጣል። ቀርፋፋ ኮንቮይ 7 ኖት ገደማ ይጓዛል። ኮርቬት የሚባለው ትንሹ አጃቢ መርከብ ደግሞ 16 ኖት ነው። አስቡት። ውሃ ላይ የሚሮጥ ዩ-ቦት አሳዳጁን ኮርቬት ራሱን ያመልጣል። ውሃ ላይ ሳለ ደግሞ አስዲክ አያገኘውም። መጥለቅ ለሱ መደበቂያ እንጂ መዋጊያ አልነበረም።

ጌሙን የጀመረ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መርከብ ባየ ቁጥር ይጠልቃል። ከዚያ ኮንቮዩ ጥሎት ይሄዳል፤ ባትሪው ያልቃል፤ «ይህ ጌም አይቻልም» ይላል።

አሁን ወደ ሊቨርፑል። ጊልበርት ሮበርትስ የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በ1938 በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ከአገልግሎት ተሰናበተ። ጦርነቱ ከመጣ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1942፣ አንድ ሥራ ተሰጥቶት ደርቢ ሃውስ ወደተባለው ሕንፃ ተላከ። የአትላንቲክ ኮንቮዮች የሚመሩት ከዚያ ነበር። ሥራው በአጭሩ፦ ዩ-ቦቶቹ እንዴት እንደሚዋጉ ፈልግ፣ መልሱንም አግኝ። የቦታው አዛዥ አድሚራል ፐርሲ ኖብል ነገሩ ብዙም አልጣመውም። ጦርነት ላይ ሆኖ ጨዋታ ማለት ምንድን ነው? የሆነው ሆኖ ላይኛው ፎቅ ላይ ክፍሎች ተሰጡት። ረዳት ሆነው የተመደቡለት ከባሕር ኃይሉ የሴቶች አገልግሎት የመጡ ወጣቶች ናቸው። ባሕር ላይ ተዋግተው አያውቁም። ከነሱ መካከል ጂን ሌይድሎና ጃኔት ኦኬል ነበሩ። ሌይድሎ የሂሳብ ሰው ናት። ኦኬል ገና ሃያ ዓመት ገደማዋ ነው።

የጨዋታው ሜዳ ወለሉ ነው። ቡናማ ሊኖሊየም ላይ መስመሮች ተሰመሩ። ዐሥር ኢንቹ እንደ አንድ የባሕር ማይል ይቆጠራል። ከእንጨት የተሠሩ ትናንሽ መርከቦች ወለሉ ላይ ይደረደራሉ። ዳር ዳሩን ሸራ ተጋርዷል። ተጫዋቾቹ፣ ማለትም የአጃቢ መርከብ አዛዦቹ፣ ከሸራው ጀርባ ናቸው። ሸራው ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለ። በዚያ ሲያዩ የሚታያቸው በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ጨለማ፣ ከመርከባቸው ላይ ቆመው ቢሆን የሚያዩትን ያህል ብቻ ነው። አንድ ዙር ሁለት ደቂቃ ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ትእዛዛችሁን በወረቀት ትጽፋላችሁ። ወጣቶቹ ወረቀቱን ይቀበላሉ፤ ወለሉ ላይ ተንበርክከው መርከባችሁን ያንቀሳቅሳሉ፤ የሄደበትን በጠመኔ ያሰምራሉ።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር አለች። የአጃቢዎቹ መንገድ የሚሰመረው በነጭ ጠመኔ ነው። የዩ-ቦቱ ግን በአረንጓዴ። አረንጓዴ ጠመኔ ቡናማ ወለል ላይ ከላይ ቁልቁል ለሚያይ ይታያል። ከሸራው ጀርባ፣ በቀዳዳው፣ በአግድም ለሚያይ ግን አይታይም። በቃ። ሰርጓጁን የደበቀው የጠመኔ ቀለም ነው። እኔ የጌም ክብደት ሲባል ከዚህች ጠመኔ የተሻለ የተሠራ ነገር አላውቅም። ለጠላት ተጨማሪ ጉልበት አልሰጡትም። አጃቢውንም አላዳከሙትም። የከለከሉት ማወቅን ብቻ ነው።

ገበጣ ላይ ጠጠሩ ሁሉ ለሁለቱም ይታያል። ክብደቱ በስሌት ነው። ይህኛው ከኩኩሉ ጋር ነው የሚዛመደው። «ኩኩሉ!» ትላላችሁ፤ «አልነጋም» የሚል ድምፅ ከሆነ አቅጣጫ ይመጣል። ከዚያች ድምፅ ተነስታችሁ ነው የተደበቀውን የምትፈልጉት።

ሮበርትስ ከባሕር የተመለሱ መኮንኖችን እየጠራ ይጠይቅ ነበር። መርከብ ሲመታ ምን አደረጋችሁ? ዩ-ቦቱ የት የነበረ ይመስላችኋል? መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። ብዙዎቹ ግን ዩ-ቦቱ ከኮንቮዩ ውጭ፣ ከሩቅ ቆሞ የሚተኩስ ይመስላቸዋል። ስለዚህ መርከብ ሲመታ ወደ ውጭ ይሮጣሉ። ከነሱ መካከል ትልቅ ስም ያለው ጆኒ ዎከር የሚባለው አዛዥ ነበር። የሱ ዘዴ «በተርካፕ» ይባላል። መርከብ ሲመታ አጃቢዎቹ ወደ ውጭ ይበተናሉ፤ ሰማዩን በብርሃን ጥይት ያበራሉ፤ የጥልቀት ቦምብ ይጥላሉ። ዎከር ተራ ሰው አልነበረም። በዲሴምበር 1941 ኤችጂ 76 የተባለውን ኮንቮይ ከጂብራልታር ይዞ ሲመጣ ብዙ ዩ-ቦቶች ሰጥመዋል። እንዲህ ባለ ሰው ዘዴ ላይ ጥያቄ ማንሳት ቀላል አይደለም።

ሮበርትስ የያዘው ከዚያው ከኤችጂ 76 አንድ መርከብ ነው። አናቮር የምትባል የኖርዌይ ነጋዴ መርከብ። ዲሴምበር 21 ሌሊት ተመትታ ሰጠመች። የነበረችው ደግሞ ዳር ላይ አይደለም፤ በረድፎቹ መሀል ነው። የዩ-ቦቶቹ የኤሌክትሪክ ቶርፒዶ የሚሄደው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮንቮዩ ሰፊ ነው። አጃቢዎቹም ራቅ ብለው ነው የሚሄዱት። ከነሱ ውጭ ቆሞ የተኮሰ ቶርፒዶ በነዚያ ሁሉ መርከቦች መሀል አልፎ እሷን ብቻ ይመታል?

ወለሉ ላይ አስቀመጡት። መርከቦቹን እንደነበሩ ደረደሩ። ከዚያ ዩ-ቦቱን እያነሱ በየቦታው ሞከሩት። ከውጭ ሆኖ? ርቀቱ አይበቃም። ስለዚህ የተኮሰው ከውስጥ ነው። ታዲያ እንዴት ገባ? ከፊት ቢመጣ ሁሉም ዐይኑን የተከለው ወደፊት ነው። ከጎንም ቢሆን አጃቢ አለ። ከኋላስ? ከኋላ ማንም አይጠብቅም። «ከኋላ ሆኖ ማን ይደርስብናል?» ነው ነገሩ። ውሃ ውስጥ ያለ ዩ-ቦት በርግጥ አይደርስም። ግን ውሃ ላይ በሌሊት የሚሮጥ 17 ኖት አለው። ከኋላ መጥቶ፣ በረድፎቹ መሀል ገብቶ፣ እንደ አንድ የኮንቮዩ መርከብ አብሮ እየተጓዘ በቅርብ ይተኩሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ የባሰ ነው። ከተኮሰ በኋላ እንዴት ይወጣል? ይጠልቃል። ሞተሩን ቀስ ያደርጋል። ኮንቮዩ ራሱ በላዩ አልፎ እስኪሄድ ይጠብቃል። አጃቢዎቹ ወደ ውጭ እየሮጡ ባዶ ባሕር ሲያበሩ እሱ መሀላቸው፣ ከሥራቸው ነው። በተርካፕ ወለሉ ላይ ሲሞከር የታየው ይኸው ነው። እያንዳንዱ አጃቢ ከዩ-ቦቱ እየራቀ ይሄዳል።

ዩ-ቦቱ ኮንቮዩ ካለፈ በኋላ የት እንደሚሆን ከታወቀ መልሱ እዚያው አለ። መርከብ ሲመታ አጃቢዎቹ በአንዲት የኮድ ቃል ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ከኮንቮዩ ጀርባ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ኮንቮዩ ያለፈበትን ውሃ በአስዲክ እያሰሱ ይሄዳሉ፤ ልክ እርሻ ላይ ጎን ለጎን ቆሞ እንደሚታጨድ። ዩ-ቦቱ እዚያ አለ፤ ጠልቋል፤ ቀርፋፋ ነው። አስዲክ የተሠራው ደግሞ ለዚህ ነው። ዘዴውን ሌይድሎ «ራዝበሪ» ብላ ሰየመችው። በእንግሊዞች ዘንድ ራዝበሪ በከንፈር የሚደረግ የማሾፊያ ድምፅም ነው፤ ለሂትለር የተላከ ማለቷ ነው። እኔ ስሙ ደስ ይለኛል፤ የበለጠ ደስ የሚለኝ ግን አንድ ቃል መሆኑ ነው። ሌሊት፣ መርከብ እየነደደ፣ ሬዲዮ ላይ ረጅም ትእዛዝ የሚሰማ ማን አለ?

አድሚራል ኖብል መጥቶ አየ። ሲገባ የነበረው ጥርጣሬ ሲወጣ አልነበረም። ዘዴው ለአጃቢዎቹ እንዲዳረስ ሆነ፤ ክፍሉም ትምህርት ቤት ሆነ። ትምህርቱ ስድስት ቀን ነው። ጦርነቱ እስኪያልቅ 5,000 ገደማ መኮንኖች በዚያ ወለል አልፈዋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሊዘለል አይገባም፤ ጨዋታው ሲያልቅ የሚሆነው። ተጫዋቾቹ ከሸራው ጀርባ ይወጣሉ። ወለሉ ላይ ይቆማሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ አረንጓዴው መስመር ከላይ ይታያቸዋል። «እኔ እዚህ ስዞር እሱ ለካ እዚህ ነበር!» የሚባለው ያኔ ነው። ስንት የባሕር ዓመት ያለው ካፒቴን አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ በሠራችው መስመር ላይ ጎንበስ ብሎ ስህተቱን ይፈልጋል። ትምህርቱ ያለው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ከዩ-ቦቱ ወገን ሆነን እንየው፤ ጌሙ ላይ የምንቀመጠው በዚያ ወገን ነውና። ከኋላ ገብቶ በረድፎቹ መሀል ውሃ ላይ ሆኖ መተኮስን ከማንም በላይ ያወቀበት ኦቶ ክሬችመር ነው። በጦርነቱ በቶን ብዛት ከሁሉም ዩ-ቦት አዛዦች ይበልጣል። በማርች 1941 ዩ-99ን ይዞ ኤችኤክስ 112 የተባለ ኮንቮይ ውስጥ ገባ። በአንድ ሌሊት አምስት መርከቦች አሰጠመ፤ አንድ አቆሰለ። ቶርፒዶዎቹን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ጥበቃ ላይ የነበረው መኮንን የእንግሊዝ አጥፊ መርከብ አየ። የክሬችመር ደንብ ግልጽ ነበር፤ በሌሊት ውሃ ላይ ቆይ፣ አትጥለቅ። መኮንኑ ግን ደንግጦ አጠለቀው። «ዎከር» የተባለችው አጥፊ መርከብ (ከአዛዡ ዎከር ጋር የስም መመሳሰል ብቻ ነው) በአስዲክ አገኘችው። የጥልቀት ቦምቦቹ ዩ-ቦቱን እንዳይሆን አድርገው ወደ ላይ አወጡት። ክሬችመር ተማረከ። በዚያው ሌሊት ዮአኪም ሼፕከ የሚመራው ዩ-100 በራዳር ተገኝቶ «ቫኖክ» በምትባል አጥፊ መርከብ ተገጭቶ ሰጠመ።

ስለዚህ ጌሙ ላይ በ1940 ወይም በ1941 መጀመሪያ ብትጫወቱ፣ ከተኮሳችሁ በኋላ እጃችሁ ወደ መጥለቂያው ሲሮጥ ያዙት። በጨለማው ውሃ ላይ ሆናችሁ ከኋላ ውጡ። ራዳር እየበዛ ሲመጣ ግን ያ ጨለማ አይሸፍናችሁም። ያኔ መጥለቅ ግድ ይላል። ከጠለቃችሁ ደግሞ እዚያው ኮንቮዩ ጀርባ አትቆዩ፤ የሚፈልጓችሁ እዚያ ነው። አጥፊው በላያችሁ ሲያልፍ ለአፍታ ያጣችኋል፤ የሱ አስዲክ ከሥሩ ያለውን አይሰማም፤ ቦምቡም ሲፈነዳ ውሃው ይናወጣል። ያቺን አፍታ ጠብቃችሁ ሙሉ ፍጥነት ሰጥታችሁ ዙሩ። ፍንዳታው ሲያባራ ዝም በሉ።

ስለ ካርታውም የማደርገውን ልንገራችሁ። አንድ ሚሽን እይዝና መጀመሪያ ካርታው ተዘግቶ እጫወተዋለሁ። አጃቢው የት ያለ እንደመሰለኝ ወረቀት ላይ አሰምራለሁ። ከሞትኩ በኋላ ያንኑ ሚሽን ካርታውን ከፍቼ እደግመዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ወረቀቴ ላይ አጃቢው በስተግራዬ ነበር። ካርታው ላይ ግን ከጀርባዬ ነው። ሩቅ የመሰለኝ ድምፅ በቀስታ የሚሄድ ቅርብ መርከብ ነበር። ያን ቀን ያወቅኩትን ያህል ካርታው ተከፍቶ በተጫወትኩባቸው ወራት አላወቅኩም። አንዳንዱ ሰው ካርታ መክፈትን እንደ ማጭበርበር ያየዋል። እኔ አልስማማም። ሊቨርፑልም ጨዋታው ሲያልቅ ወለሉን አሳይተዋቸዋል። ችግሩ ሁልጊዜ ከፍቶ መጫወት ነው።

በሜይ 1943 በአንድ ወር ውስጥ 41 ዩ-ቦቶች ጠፉ። የጀርመኑ አዛዥ ካርል ዶኒትዝ በ24ኛው ቀን ከሰሜን አትላንቲክ እንዲወጡ አዘዘ። ይህን ሁሉ ያደረገው ወለሉ ነው አልልም። ረጅም ርቀት የሚበሩ አውሮፕላኖች ነበሩ። የተሻለ ራዳር ነበር። የጀርመኖቹ የምስጢር መልእክት ይነበብ ነበር። ግን አጃቢዎቹን የሚመሩት ሰዎች ያኔ ዩ-ቦቱ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ዩ-ቦቶቹ የመርከብ ሞተር ድምፅ ተከትሎ የሚመታ አዲስ ቶርፒዶ ይዘው ሲመለሱም፣ ለሱ የሚሆነው ማምለጫ የወጣው ከዚያው ክፍል ነው።

መጨረሻ ላይ የማክስ ሆርተንን ላንሳ። በኖቬምበር 1942 ኖብልን ተክቶ ደርቢ ሃውስ የገባው አድሚራል እሱ ነው። ራሱ የሰርጓጅ ሰው ነው። በ1914፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ኢ9 በምትባል ሰርጓጅ ሄላ የተባለችውን የጀርመን መርከብ ያሰጠመ። ወለሉን ሊያይ ወጣና «እኔ ዩ-ቦቱን ልሁን» አለ። አጃቢዎቹን የምትመራው ከሸራው ጀርባ ናት። ተጫወቱ። ሆርተን ተያዘ። እንደገና ተጫወቱ። ተያዘ። አምስት ጊዜ ተጫውቶ አምስቱንም ተያዘ። መንገዴን እያያችሁ ነው ብሎ ጠረጠረ። ቀዳዳውን አሳዩት። ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው ሲያይ ነጩ መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ማን እንደያዘው ጠየቀ። ከሸራው ጀርባ ጃኔት ኦኬል ወጣች።